ሦስቴ ቀጭ የሚለው ክዳን

አንዲት ደንበኛዬ የመኪናዋ የሞተር መብራት በርቶባት ለሦስተኛ ጊዜ ጋራዤ ስትመጣ ደሜ ፈላ። የብልሽት መመርመሪያዬን መኪናው ላይ ሰካሁ። ያው የፈረደበት ነገር ነው፤ ከታንኩ የነዳጅ ትነት ያመልጣል። ለዚሁ ብዬ ሁለት ጊዜ አዲስ የታንክ ክዳን ገጥሜላታለሁ።

«እህቴ፣ ይሄ መብራት እያለ መኪናሽ የጭስ ምርመራ አያልፍም አላልኩሽም?» አልኳት።

መሪው ጋ እንደተቀመጠች ሞተሩን አጠፋች። ወደ ታንኩ ሄጄ ሳይ፣ አውጥቼ የሰጠኋት የጎማ ማሸጊያው የተሰነጣጠቀ አሮጌ ክዳን ተመልሶ ገብቷል።

«ታሾፊብኛለሽ?»

«ኧረ አላሾፍም፣ ወንድሜ። ነዳጅ ስንቀዳ የሚዘጋው ባለቤቴ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሦስቴ ቀጭ ያደርገውና መጥቶ አጠገቤ ይገባል። ያንተ ክዳን አንዴ ብቻ ነው ቀጭ የሚለው።»

ከመደርደሪያው ሌላ አዲስ ክዳን አመጣሁ። አዲሱን ክዳን በግራ እጄ እንደያዝኩ አሮጌውን በቀኜ አጠበቅኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ቀና ብዬ በመኪናው የኋላ መስኮት ሳያት፣ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።