ለአማካሪው የዘረጋሁት ወጥመድ

ልቤ ያለ ምክንያት እየደለቀ እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ ሐኪሙ ጎባ ወዳለ የሥነ ልቦና አማካሪ ላከኝ። አማካሪው ኪያ ይባላል። ሚስቱ ሊሊ ደግሞ እዚሁ ሮቤ የእድራችን አባል ናት! እንግዲህ ገመናዬን ለእሱ ዘርግፌ፣ በማግስቱ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ልስማው? ሞኝህን ፈልግ!

ስለዚህ አጠመድኩት። «ባሌን ልፈታው ነው» አልኩት። ነጭ ውሸት ነው፤ ከባሌ ጋር ክፉ ቃል እንኳ ተነጋግረን አናውቅም።

ከዚያ ወሬው ዞሮ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ለቅሶ ቤት ሆን ብዬ ሊሊ አጠገብ ተቀምጬ ዓይን ዓይኗን አየኋት። «አካም ጂርቱ፣ እትዬ ውዴ?» ብላ እንደወትሮው ደህንነቴን ጠይቃ ንፍሮ አቀበለችኝ። በቃ። የእድሩ ሴቶችም ስለ ሽንኩርት መወደድ ያወራሉ። አንዷ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም። ወጥመዴ ባዶውን ሲቀር ይባስ ተናደድኩ።

ጎባ ተመልሼ፣ «ያ ሁሉ ውሸት ነበር፤ ወሬ ታወጣ እንደሆነ ልፈትንህ ብዬ ነው» አልኩት።

ኪያ አልተቆጣም። «መጠርጠርዎ አይገርመኝም» አለኝ። «የልብዎን እውነትስ ለማን ነግረው ያውቃሉ?»

የሮቤን ቤት ሁሉ በልቤ ዞርኩት። የነገርኩት አንድ ሰው አጣሁ። አጠገቤ የሚተኛው ባሌ እንኳ ልቤ እየደለቀ እንደማድር አያውቅም።