የአያ ሲራጅ ጉርሻ

ነጅዋ ሳህኑን ከአያ ሲራጅ እጅ ነጠቀች።

ያውም በአባቷ ሰደቃ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ወንዶቹ በተቀመጡበት ድንኳን መሃል። ለቀስተኛው ሁሉ እጁን ወጡ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

“ኧረ በአላህ! ሰው ከገበታ ይነጠቃል?” አለች አክስቷ ዙቤይዳ ከሴቶቹ በኩል።

“ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ይገባሉ እኮ!” አለች ነጅዋ። ወደ ሽማግሌው ዞረች። “ስንት ጎረሱ?”

“ሁለት ብቻ” አሉ አያ ሲራጅ። “ነርሷ ሰሀር ጠዋት ከሆስፒታል ደውላ ስትጠይቀኝ ወላሂ አልበላሁም ነበር። ደሞ የኑርሁሴን ሰደቃ፣ አላህ ይርሀመውና፣ ምግብ ነው እንዴ? በረካ ነው። እምቢ ልበል?”

ሰውዬው ክፋት የለባቸውም። በከሚሴ የሟችን ሰደቃ የሚመልስ ሰው ገና አልተወለደም።

የነጅዋና የአባቷ ሥራ አንድ ነው፤ በሽተኛን በጋዝ ማስተኛትና በደህና መቀስቀስ። ኑርሁሴን ከ“አካም ቡልተ” ሰላምታ አስቀድሞ “ምን በላህ?” ይላል እየተባለ ዕድሜውን ሲቀለድበት ኖሯል። ምክንያቱን የምታውቀው ነጅዋ ብቻ ናት። ሥራ በጀመረ ሰሞን ከጨፋ ሮቢት የመጣ አንድ ጎረምሳ “አልበላሁም” አለው። እናቱ ግን ወተት መጠጥ እንጂ ምግብ አይደለም ብላ አንድ ቅል አጠጥታው ነበር። ጋዙ ሲያስተኛው ወተቱ ሽቅብ መጥቶ ሳንባው ገባ፤ ልጁም አልነቃም። ኑርሁሴን ለእናትየዋ “ጥፋቱ የኔ ነው” አላት። በየዒዱ ነጅዋን አስከትሎ ሲጠይቃት ኖረ፤ የወተቱን ነገር አንድም ቀን አላነሳባትም። ነጅዋ በዚህ ነገር በአባቷ ትኮራለች፤ ትናደድበታለችም።

“አያ ሲራጅ፣ ጋዙ ጉሮሮንም ያስተኛል” አለች። “በረካውን ከሥጋው አይለይም።”

“ሁለት ወር ተራ ጠብቄ ልቅር?”

“ነገ ጠዋት ይገባሉ። የማስተኛዎት እኔ ነኝ።” እዚያው ቆማ ለሰሀር ደወለች፤ ተራው ወደ ነገ ተዛወረ።

“ነገ? ሐዘንሽ ሳይወጣልሽ?” አለች ዙቤይዳ።

“አባቴ ቢሆን ይሄድ ነበር።”

አያ ሲራጅ ቀና ብለው አዩዋት። “እሺ ልጄ። ይኸ ታዲያ ይደፋ?”

ነጅዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። እሳቸው ከጀመሩት በኩል ቆርሳ ጎረሰች። እያለቀሰች አላመጠች፤ ሳህኑ እስኪያልቅም አልተነሳችም።