ከምድጃው በላይ ያለው መብራት

ባሌ ደምሰው አውራ ጣቱን በማሽን የቆረጠ ዕለት ልጃችን አቪራም ፍርድ ሰጠ። ዳኛ አይደለም፤ እዚህ ናታንያ ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ነው። ግን ሰው ማዘዝ ለምዶበታል፤ ቤታችን ሲመጣም እኛን እንደ እንግዳ ሻንጣ ወዲያ ወዲህ ያደርገናል።

«ማስፒክ፣ አባ!» አለ። «በቃ! ፔንሲያ ወጥተሃል፣ ዕረፍ። ይሄን ማህሳን አሠርተን ለተማሪ እናከራየዋለን። ቃብላኑን አናግሬዋለሁ፤ ከስግድ በፊት መጥቶ ይለካል፣ ከበዓሉ በኋላ ይጀምራል።»

ማህሳን የሚለው ከቤታችን ጎን የተለጠፈውን የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ቃብላን የሚለው ደግሞ የግንባታ ተቋራጩን። መኪና ኖሮን አያውቅም። ደምሰው ከብረት ፋብሪካው ጡረታ ወጥቶ ሶፋው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተዘረጋብኝ ጊዜ፣ «መዶሻ ግዛ፣ መስፍ ግዛ፣ እዚያ ግባልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ገባ። ቢላዋ ይሠራል፣ መጥረቢያ ይሠራል፣ የሰፈራችንን የሺኩን ቫቲኪምን መቀስ ሁሉ ይስላል። ሰው ሆነ። ምሳ ላይ ይቀልዳል፣ ድምፁ ባያምርም ራት ላይ ያንጎራጉራል። እንግዲህ አቪራም ሊያከራይ የፈለገው ይህን ነው። ባሌን መልሶ ሶፋው ላይ ሊያስተኛብኝ።

ደምሰው በፋሻ የተጠቀለለ ጣቱን አየና፣ «እጄ አላረጀም» አለ። «አምፖሉ ነው ያረጀው።»

አቪራም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ኮርኒሱ መሃል የተንጠለጠለችው አንዲት ቢጫ አምፖል ነበረች። ደምሰው ወደ ማሽኑ ሲዞር እሷ ከጀርባው ትሆናለች፤ የገዛ ጥላው ሥራው ላይ ይወድቅበታል። ለዚያውም የብረት መዝጊያውን እስከ ታች ስቦ ነው የሚሠራው። ከአገራችን ይዘነው የመጣን ልማድ ነው። ጎንደር እያለን ብረት የሚቀጠቅጥ አይሁዳዊ ቡዳ ነው ይሉት ነበር። ሕፃን ቢታመም ቀጥቃጩ በላው ይባላል። ማረሻችንን ይገዙናል፤ እጃችንን እንዳይነኩ ግን ሳንቲሙን መሬት ላይ ይጥሉልናል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ሲሠራ በሩን ቢዘጋ ምን ይገርማል?

«ስማ» አለው ደምሰው ልጁን። «ቄሳችን የማረጃ ቢላዋ አዘውኛል። ከወደዱት ቃብላንህ ሥራውን እንዳይጀምር። ከመለሱት መስፉን በገዛ እጄ አወጣዋለሁ።»

«ቤሴዴር፣ እሺ» አለ አቪራም። አባቱ የሚችል አልመሰለውም።

በነጋታው ደምሰው ኢንዱስትሪ ሰፈር ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። ኪሱ ውስጥ በመርፌ የጫረው አንድ ቁራጭ ብረት ይዟል። ደምሰው ሻጩ የሰቀለውን መብራት ሁሉ እያስበራ ብረቱን ከሥሩ ይይዛል፤ ጭረቷ ከታየችው ራሱን ይነቀንቃል፣ ካልታየችው ያልፋል። ቢጫውን አልወደደም። ሻጩ ረጅሙን የድሮ ኒዮን ሲያሳየው እጁን አወናጨፈ፤ እሱ ይርገበገባል፣ የሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ የቆመ ያስመስላል፣ ፋብሪካ እያለን ስንቱን ጣት አስበልቷል አለ። መጨረሻ ላይ አዲሱን ኤልኢዲ መረጠ፤ ነጭ፣ ረጅም፣ ፊቱ እንደ ወተት የደፈረሰ፣ ብረት ላይ የማያንጸባርቅ። አንድ ይበቃል ስለው ስድስት አነሳ።

«ቀዶ ጥገና ልታደርግ ነው እንዴ?» አለው ሻጩ በዕብራይስጥ።

«አዎ» አለው ደምሰው።

ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። ከዚያ የእህቴ ልጅ ሽሎሞ መጣ፤ ፈቃድ ያለው ሃሽማላይ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መብራቶቹን ከሥራ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ በረድፍ ሰቀላቸው፤ የአንዱን ጥላ ሌላው ያጠፋዋል። አንዱ ተረፈ።

«ይሄን ከጋዝ ምድጃው በላይ» አለ ደምሰው።

«አጎቴ፣ እዚያ እኮ እሳት አለልህ፤ ምን ያደርጋል?»

«ከፍ አድርገህ ስቀለው። ጨለማ ጥግ አልፈልግም። ማብሪያ ማፍሴኩም አንድ ይሁን፤ ስጫነው ሁሉም ይብራ!»

ተጫነው። ክፍሉ ቦግ አለ። ደስታው ፊቱ ላይ ሲታይ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ግን መዝጊያውን ጨብጦ እስከ ላይ ገፋው። መንገዱ ሁሉ እያየን ነው! ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ሩት ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ቆመች፤ ኢስታዲየም ከፈታችሁ እንዴ ብላ ጮኸች።

«ዝጋው፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩት። «ሰው ያየናል!»

«ይየን!» አለኝ። «በጸደይ የእኛ ወጣቶች አድልዎን ተቃውመው አደባባይ ወጥተው 'እኛም ሰው ነን' ብለው ሲጮኹ አንቺ ቴሌቪዥኑ ፊት እልል አላልሽም? እነሱ አደባባይ ይውጡ፣ እኔ በሬን ዘግቼ ልሥራ? አባቴ መስኮት በሌላት ጎጆ እንደተደበቀ ሞተ። እኔ አልደበቅም። ጨለማ ውስጥ አልገባም፣ ማናለሽ። በቃኝ!»

አባቱ ሲሞት ደምሰው ገና ጡት የጣለ ነው። ከአባቱ የሚያስታውሰው የተዘጋ በርና ጨለማ ብቻ ነው። ብረት የተማረውም ናታንያ ፋብሪካ ገብቶ ነው፤ ማሽን ያውቃል። መዝጊያው እንደተከፈተ ቀረ።

ቢላዋው ግን እምቢ አለ። የመጀመሪያውን በእሳት አግሎ ዘይት ውስጥ ሲነክረው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ፈርቶ ቶሎ አወጣው፤ እሱ ደግሞ ለስልሶ ሞረድ እንደ አይብ ቆረጠው። ከዚያ በፊት የሠራቸው እንዲህ ሆነው አያውቁም። ብረቱን ረገመ፣ ጋዙን ረገመ፣ እኔ ወጥቼ ስገባ እኔንም ሊረግም ምንም አልቀረው። ስግድ እየደረሰ ነው። አቪራም ስልክ ደውሎ፣ ቃብላኑ ሐሙስ ይመጣል አለን።

ሦስተኛውን ቢላዋ ሲሠራ የሚጠጣ ውኃ ይዤለት ገባሁና ከምድጃው አጠገብ ቆምኩ። ብረቱ እሳት ውስጥ ነው፤ ያ ሁሉ ነጭ ብርሃን ላዩ ላይ ይወርድበታል። ጉበት የመሰለ ቡናማ ነገር ነው የሚታየኝ።

«አሁንስ?» አልኩት።

«ገና ነው። አልጋለም።»

እኔ የአባቴን ወናፍ እየነፋሁ ያደግሁ ነኝ። ምድጃው የሚያወጣው ሙቀት ፊቴን ገርፎኛል፤ ገና የሆነ ብረት እንዲህ አይገርፍም። ነጠላዬን አውልቄ በሁለት እጄ ዘረጋሁና መብራቱን እንደ ዳስ ከለልኩበት። ጥላው ምድጃው አፍ ላይ ሲወድቅ ያ ጉበት የመሰለው ብረት ቢጫ ሆኖ ተንቦገቦገ።

«ዱባ!» ብዬ ጮኽኩ። «ዱባ ሆኗል! ተቃጥሏል!»

«ምን ዱባ?»

«አባቴ ምን ይል መሰለህ? በርበሬ ሲመስል ንከረው፣ ዱባ ሲመስል አልቅስለት! አንተ በዚህ ብርሃን በርበሬውን ከየት ታየዋለህ? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ! አጥፋው ይሄን ከላይ ያለውን!»

ፊቱ ተለወጠ። «አላጠፋም። ጨለማ አልገባም ብያለሁ።»

«ማን ግባ አለህ? አንዷን ጥግ ነው ያልኩህ!»

«አባቴን ጨለማ ውስጥ ያስቀመጡት ቡዳ ያሉት ሰዎች ናቸው!»

«ማንም አላስቀመጠውም!» አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ ለእሱም ለአባቴም ለአባቱም ተናድጄ። «አባቴ ማንንም ፈርቶ አልተደበቀም። አባትህም እንዲሁ። ጎጆዋ መስኮት ያልነበራት ብረቱን ሊያዩባት ነው! ሰዎቹ ቢሰድቡን ባይሰድቡን ጨለማዋ ትቀር መሰለህ? መሣሪያቸው ነበረች፣ ደምሰው፤ እንደ መዶሻቸው።»

የተቃጠለውን ቢላዋ በጉጠት አውጥቶ መሬት ላይ ጣለውና መስፉ ላይ ተቀመጠ።

«አልተደበቀም?» አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ።

«አልተደበቀም። ሥራ ላይ ነበር።»

አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል፤ እኔ ግን ያለቀሰው ደስ ብሎት እንደሆነ አወቅሁ። ሽሎሞን ጠራነውና ለምድጃው መብራት ለብቻው ማፍሴክ አወጣለት። አራተኛውን ቢላዋ እኔ ከምድጃው ጎን ቆሜ እያየሁ፣ «አሁን» ስል ደምሰው አውጥቶ ነከረው። ጥጓ ጨለመች፤ ሌላው ሁሉ በራ፣ መዝጊያውም እስከ ላይ ተከፍቶ ዋለ።

ሐሙስ ከሰዓት ቄሳችን መጡ። አቪራምም ቃብላኑን ይዞ ደረሰ፤ ሰውዬው የቄሱን ፍርድ እንኳ ሳይጠብቅ ሜትሩን ግድግዳው ላይ ዘረጋ። ቄሱ ቢላዋውን ተቀብለው ከጠረጴዛው መብራት ሥር ቆሙ። ስለቱን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው በአንድ ዓይን አዩት። ከዚያ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከጫፍ እስከ እጀታው ሳቡ፤ መለሱ፤ ገልብጠውም ሳቡ። አንድ የተሸረፈ ቦታ ጥፍራቸውን ከያዘው ሁሉም ነገር አበቃ። ደምሰው የእግሩን ጣቶች ያያል።

«ማን ነው የሠራው?» አሉ።

«እኔ ቀጠቀጥኩት፤ ስለቱንም እኔ አወጣሁት» አለ ደምሰው። «እሳቱን ያየችው ግን እሷ ናት።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «የማን ልጅ ነሽ?»

አገራችን ገበያ ላይ ይህን ሲጠይቁኝ ዓይኔን መሬት ላይ እተክል ነበር። መዝጊያው ክፍት ነው፣ ሩት መስኮቷ ላይ ነች፣ ልጄ አጠገቤ ነው። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«የቀጥቃጩ የቢያድግልኝ ልጅ ነኝ!» አልኩ፤ መንገድ ማዶ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ።

«ያስታውቃል» አሉ ቄሱ፤ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልለው ከጋቢያቸው ሥር አገቡት።

አማርኛ የማይሰማው ቃብላን ወደ አቪራም ዞሮ መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል እንደሚሆን ጠየቀው። አቪራም ግን እኔን ነው የሚያየው። ብዙ አየኝ። ከዚያ የሰውዬውን ሜትር በእጁ ይዞ ወደ ሣጥኑ መለሰለት።

«እዚህ የሚከራይ ነገር የለም» አለው በዕብራይስጥ። «ይሄ የአያቴ ሥራ ቤት ነው።»

አባቴ ናታንያን አያውቃትም፤ የሞተው እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው። ልጄን አላረምኩትም።