ያልተጠራው ባህታዊ

«እንግዲህ ወይዘሮ ሀይማኖት፣ መልአኩ ባህታዊውን በምን ቃል ጠራቸው?» አሉ መርጌታ ቴዎፍሎስ፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው።

ከለቅሶው ዳስ ያሉት ሁሉ ወደሷ ዞሩ። ባህታዊው አባ ቢሰጥ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከሽንዲ የመጡ ለቀስተኞች የመቃብራቸውን አፈር በመሀረብ ቋጥረዋል። መርጌታ የቅድስናቸውን ታሪክ ሊጽፉ የቀራቸው የጥሪያቸው ነገር ብቻ ነው፤ እሱን የምታውቀው ደግሞ ሳይመንኑ በፊት ሚስታቸው የነበረችው ሀይማኖት ናት። ለሷ ቢሰጥ ነው፤ አባ ብላው አታውቅም።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጤፉ ታጭዶ ሳይወቃ፣ «ተጠርቻለሁ» ብሏት ከቡሬ ወዲያ ካለ ዋሻ ገባ። ልጃቸው ውዳሴ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ሀይማኖት አላለቀሰችም። እግዜር ከወሰደው ጋር ምን ሙግት አላት? ጎረቤቱም «የታደልሽ» አላት።

በሰባተኛው ዓመት ከደጇ ቆሞ ውሃ ለመነ። ጥቂት ጠጣና እንዲህ አላት፦

«የጠራኝ የለም፣ ሀይማኖት። በገዛ እግሬ ነው የሄድሁ። ያን ጊዜም ዝም፣ ዛሬም ዝም ነው። ጠዋት ጠዋት ልመለስ እላለሁ፤ ደግሞ እቀራለሁ። የጠራኝ ቢኖር በሱ ባመካኘሁ።»

«እኛስ?»

«እናንተን አውቄ ነው የተውኋችሁ» ብሏት ሄደ።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። አሁንም ዝም ብትል ስሙ ከቅዱሳን ተርታ ይጻፋል፤ ውዳሴም አባቷን እግዜር እንደወሰደባት አምና ትኖራለች። ልጅቱ ከጎኗ ተቀምጣ አፍ አፏን ታያታለች።

«መርጌታ፣ የጠራው የለም» አለች ሀይማኖት። «ራሱ ነግሮኛል። ሰባት ዓመት ማንም ሳይመልስለት ጸልዮ፣ ደግሞ ወደ ዋሻው ተመለሰ። የሚጽፉ ከሆነ ይህን ይጻፉልኝ።»

አንዲት ባልቴት አማተቡ። ሁለት ሦስት ሰው ተነሥቶ ወጣ። መርጌታ ምንም ሳይጽፉ ደብተሩን ዘጉት።

«ታዲያ ትቶን ነው የሄደ?» አለች ውዳሴ በቀስታ።

«አዎ፣ ልጄ። ትቶን ነው።»

እግዜር ወሰደው በተባለ ጊዜ እምቢ ያለው እንባ አሁን መጣ። የሞተው ቅዱስ አልነበረም፤ ባሏ ነበር። ነጠላዋን እንደ ባል የሞተባት ሴት ልታዘቀዝቅ ፈለገች፤ ጥለቱ ግን ከእጇ ያመልጣታል። ውዳሴ ፊቷን አዙራ ቆየች። ከዚያ ተመልሳ ጥለቱን ያዘችና፣ ወደ ላይ ገልብጣ የእናቷ ትከሻ ላይ አስተካከለችው።