ቡላ ያወቀው ጃኬት

«ውሻ ያዙልን!»

ድምፁ የመጣው ከአጥሩ ውጭ ነው። ፈንታ አውድማው ላይ ገብስ ሲያገላብጥ ነበርና መንሹን ጥሎ ሮጠ፤ ግን አልደረሰም። ቡላ ገመዱን በጥሶ አጥሩን ዘሏል። ይህ ውሻ የነፍስ አባታቸውን የቄስ ወልደ ጊዮርጊስን ቀሚስ ሳይቀር የቀደደ፣ መስቀል እንኳ የማያስፈራው ጉድ ነው። ፈንታ እየሮጠ የሰው ጩኸት ሲጠብቅ ነበር። ጩኸት ግን አልመጣም።

ደጁ ላይ ሲደርስ አንድ ወጣት የክትባት ሳጥን በትከሻው አንግቶ፣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ቡላ አፍንጫውን ከጃኬቱ ብብት ሥር ቀብሮ ልቅሶ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፏል፣ ጅራቱ ዝቅ ብሎ ይወዛወዛል፤ ከደስታው ብዛት ሽንቱም አምልጦታል።

«እንደምን ዋሉ አባቴ? አስቻለው እባላለሁ፤ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነኝ» አለ ወጣቱ እጁን ሳያወርድ። «ለእብድ ውሻ በሽታ እየከተብን ነው። የእርስዎ ውሻ ሰው ይበላል ብለው አስፈራርተውኝ ነበር።»

«ይበላል።»

«ታዲያ እኔን ምነው ወደደኝ?»

ፈንታ ውሻውን ትኩር ብሎ አየው። ቡላ እንዲህ የሚሆነው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለልጁ ለመሐሪ።

አስቻለው መርፌውን ሊያዘጋጅ ብሎ ጃኬቱን አወለቀና ድንጋይ ላይ ጣለው። ቡላ ይኼኔ ሰውየውን ከነመፈጠሩም ረሳው። ሄዶ ጃኬቱ ላይ ተኛ። አስቻለው ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ደግሞ ጥርሱን አወጣበት።

«አይ፣ እኔን አይደለም ለካ» አለ አስቻለው እየሳቀ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። «ውሻ እኮ ከዓይኑ ይልቅ የሚያምነው አፍንጫውን ነው። የሚያውቀው ሽታ አለበት ማለት ነው። ልባሽ ነው የገዛሁት።»

እዚህ ላይ ፈንታ መጠየቅ ነበረበት። ከማን ገዛኸው? ይችው ናት። ግን ፈራ።

መሐሪ ከቤት ከወጣ ይህ ሁለተኛው መኸር ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ልጁ የወደቀ ዕለት፣ ልጄ ሐኪም ይሆናል እያለ አገሩን ሲያደነቁር የከረመው ፈንታ፣ ለደቦ በመጣው ሰው ሁሉ ፊት «ከእንግዲህ አባቴ ብለህ እንዳትጠራኝ» አለው። ልጁ ሲነጋ አልነበረም። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል ተባለ። ቆይቶ ወባ ገደለው የሚል ወሬ መጣ፤ ማን እንዳመጣው እንኳ አልታወቀም። እናቱ እናትነሽ አላምንም ብላ ጥቁር ሳትለብስ ቀረች። ፈንታ በሆዱ አምኗል። አሁን ጃኬቱ ከሬሳ ላይ የተገፈፈ ቢሆንስ? ያንን ጠይቆ ከመስማት አለመጠየቅ ይሻለኛል አለ።

ስለዚህ ዝም ብሎ ውሻውን ያዘ፤ አስቻለው ወጋው። ጃኬቱን በትግል ከሥሩ መንጭቀው አወጡና ወጣቱ ለብሶት ወደ ጎረቤቱ ወደ ይርጋ ቤት አቀና።

ፈንታ ወደ አውድማው ተመለሰ። መንሹን አነሳ፣ መልሶ ጣለው። በሬዎቹን አስገባ፣ አስወጣ፣ ደግሞ አስገባ። ቡላ በሌላ ገመድ ታስሮ ጃኬቱ በሄደበት በኩል ዞሮ ያለቅሳል። ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ገመዱን እስኪታነቅ ይስባል።

«ዝም በል አንተ!»

ዝም አይልም። ውሻ ምን ይሉኝታ አለው! የሚወደው ሰው ሽታ ካለፈ ተከትሎ መሄድ ነው እንጂ፣ ምን ብዬ እቀርባለሁ፣ ምን ይለኛል ብሎ ነገር አያውቅም። ፈንታ ቀናበት። በውሻ መቅናቱ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ከዚያ በሬዎቹን ገብሱ ላይ ትቶ ሮጠ። አንድ ጫማው ማሳው መሀል ወልቆ ቀረ፤ ዞር ብሎም አላየው። ይርጋ ደጅ ሲደርስ አስቻለው ሳጥኑን እየዘጋ ነው።

«ምነው አባቴ፣ ውሻው አመመው?»

«ጃኬቱን ከማን ነው የገዛኸው?»

«ይኼን? ንፋስ መውጫ መናኸሪያ፣ ከአንድ ጫኝና አውራጅ ልጅ። ባለፈው ሳምንት።»

«ከራሱ? ከገላው አውልቆ?»

«ከገላው አውልቆ። ጆንያ ስሸከም ይሞቀኛል ብሎ ነው የሸጠልኝ።»

«ምን ይመስላል?»

«ረዘም ያለ ቀጭን ነው። የፊት ጥርሱ ሸረፍ ያለ፤ ሲስቅ በእጁ ይሸፍነዋል። መሐሪ ነው የሚሉት።»

ፈንታ የጃኬቱን እጅጌ ጨብጦ ያዘ። ልጁ አለ። በሕይወት አለ። ፈንታ ተመስገን ሊል አፉን ከፈተና ሌላ ነገር ወጣው።

«አገሩን የት ነው አለህ?»

አስቻለው አመነታ። «ሩቅ ነው አለኝ። እዚህ አካባቢ ዘመድ የለኝም ነው ያለው።»

ንፋስ መውጫ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሆኖ ዘመድ የለኝም ይላል። ፈንታ ደስ አለው፣ ደግሞ ከፋው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሱም አልገባው አለ።

«ሥራዬን ስጨርስ በሞተሬ ላድርስዎት» አለ አስቻለው ነገሩ ገብቶት። «ወይ አስደውዬ ልንገርልዎት።»

«እንዳትነግረው። እንደምመጣ ከሰማ ከዚያም ይሄዳል።»

ቤት ሲመለስ እናትነሽ ከወፍጮ ደርሳለች። በሬዎቹ ገብሱን እንዳሻቸው ሲበሉት አግኝታ እየተራገመች ታባርራለች።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? አንድ ጫማህስ?»

«መሐሪ አለ» አላት። «ንፋስ መውጫ።»

ባለችበት ቀረች። «ማን ነገረህ?»

«ቡላ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ዘመድ የለኝም ያለውንም አልደበቃት። ሰምታ ስትጨርስ «አላልኩህም? አላልኩህም?» እያለች በጡጫ ደረቱን መታችው። ቆሞ ተመታላት። ሲደክማት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«በል ከታቢው በሞተር ያድርስህ።»

«በእግሬ ነው የምሄደው። ቡላ ሞተር ላይ አይቀመጥም።»

«ውሻ እየጎተትክ ከተማ ልትገባ? መሳቂያ ነው የምትሆነው።»

«ይሳቁ። መሐሪ እኔን ካየ ይሸሻል። ቡላን ጥሎ ግን የሚሸሽ አይመስለኝም።»

«እሺ፣ ሲቆምልህስ? ምን ትለዋለህ?»

ፈንታ አሰበ። መንገዱን ሙሉ ቢያስብም እንደማያገኘው ያውቃል።

«እንጃ» አላት። «እኔ ምን አፍ አለኝ? መጀመሪያ ቡላ ይቅደም።»

ገመዱን ከግንዱ ፈትቶ ጫፉን በእጁ ላይ ጠመጠመው፤ ቡላም ከፊት ሆኖ ይጎትተው ጀመር።