ከሞተሩ በላይ ያለው የንጉሥ ክፍል

ባሽሪን የሰደበው ራጊብ ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ የዒድ ማግሥት፣ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ሰዓቱ ምሳ ላይ፣ ቦታው ወደ አስዋን በምትወጣ መርከብ ውስጥ፣ መመገቢያ አዳራሹ መሐል፣ የባሚያው ድስት አጠገብ። ስልሳ ሁለት እንግዳ ተቀምጧል። አንዲት ጀርመናዊት ባልቴት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም አለች። ክፍሏን የሚያጸዳላት ባሽሪ ነበርና፣ «እመቤቴ፣ ክፍልሽ ሞተር ላይ ነው የተቀመጠው፤ መሐል ያለውን ጠይቂ» አላት። የመርከቧ ሥራ አስኪያጅ ራጊብ ከኋላው መጣ።

«አንተ ፎጣህን እያጠፍክ ዝንጀሮህን ሥራ» አለው። «መርከብ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ እናስጠራሃለን።»

እንግዶቹ ዐረብኛ ስለማይሰሙ ፈገግ አሉ። ምግብ አብሳዩ ግን ይሰማል፤ እሱ ሳቀ። ባሽሪ ምግብ አብሳዩንም ይቅር አላለም። ሰውየው የሞተ ጊዜ ለቅሶ ደርሶ፣ ስኳር የሌለውን ቡና ጠጥቶ፣ «አላህ ይማረው» ሳይል ነው የተመለሰው።

ፎጣ ጠምዝዞ አዞ፣ ዝሆን፣ የእንግዳውን መነጽር ያደረገ ዝንጀሮ ሠርቶ አልጋ ላይ ማስቀመጥ የዓባይ መርከቦች ወግ ነው። ባሽሪ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶታል፤ የሱን አዞ አይታ ወደ መተላለፊያው የሮጠች ሴት አለች። ነገር ግን አልጋ የሚያነጥፍ ሰው የሚያውቀውን ማንም አያውቀውም። ማን እንደተኛ፣ ማን ሲገላበጥ እንዳደረ፣ የማን ሆድ እንደከዳው አንሶላው ይናገራል። ራጊብ የሚያውቀው እንግዳ ሲሰናበት የሚለውን ነው። ሲሰናበት ደግሞ ሰው ሁሉ ይዋሻል።

ባሽሪ ጡረታ ወጥቶ ከሉክሶር ማዶ፣ ምዕራብ ዳር፣ ቤቱ ተቀምጦ ስድቡን ሲያሽ አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። ያን ጊዜ ልጁ ነጅላ፣ ታምር የሚባል የካይሮ መድኃኒት ቀማሚ አገባች። ለባሏ ቤተሰብ «አባቴ የመርከብ ሰው ነው» ብላቸዋለች። የባሏ እናት መዳም ኢንጂ መሪ የሚይዘው የመርከብ አዛዥ፣ ረይሱ፣ መሰላት። ያረማት የለም፤ ባሽሪም ለማረም አልቸኮለም።

ከሠርጉ በኋላ ታምር ሻዩን አስቀመጠና፣ «ሐጂ» አለው። ባሽሪ መካን አላያትም፤ ሐጂ የሚያሰኘው ሽበቱ ነው። «ለጫጉላችን ከደኅናዎቹ መርከቦች አንዱን ይዘን አራት ሌሊት ወደ አስዋን ልንወጣ ነው። እናቴም ትመጣለች።»

«ለጫጉላው?»

«ዓባይን አይታ አታውቅም።»

«ካይሮ አይደል እንዴ የምትኖረው?»

«ድልድዩን በመኪና ነው የምታልፈው፤ እሱም ስልክ እያወራች። እርስዎ ይምረጡልን፤ የመርከብ ሰው ነዎት።»

ባሽሪን በሕይወቱ ስለ መርከብ የጠየቀው ሰው አልነበረም። አሁን ምክሩ ተሰምቶ ልጁ ደኅና ክፍል ብታድር፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀረው ነበር፤ ራጊብ በሰው ፊት «ይሄ ሰው ያውቃል» ሲል መስማት። ያ እንደማይሆን ስለሚያውቅ በመጀመሪያው ሊብቃቃ ወሰነ። ሁለት ቀን ሙሉ ታምርን በወንዙ ዳር እያዞረ አስተማረው።

«በሩ ላይ ያለውን ኮከብ አትቁጠር። መርከብ ሲያረጅ ኮከቡ በራሱ አይረግፍም። የድሮው እንግዳ ወጥቶ አዲሱ ሳይገባ፣ ቀትር ላይ ግባና መተላለፊያውን አሽትት። ሎሚ ሎሚ ከሸተተህ የሚደብቁት ነገር አለ። ምንም ካልሸተተህ ደኅና ነው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብተህ ውኃውን ልቀቅና አድምጥ። እንደ ግመል ካጉረመረመ ውጣ።»

«ሐጂ፣ እዚህ አስተያየት የሰጡ ሰዎች...» ታምር ስልኩን አወጣ።

«እነሱን ተዋቸው፤ ግማሾቹ የባለቤቱ የአጎት ልጆች ናቸው። ረይሱን እየው። ጫማውን አውልቆ፣ ተቆጥቶ፣ ውኃውን ብቻ የሚያይ ከሆነ እሱን ያዝ። ከእንግዳ ጋር ፎቶ የሚነሳ ረይስ አሸዋ ላይ ያስቀምጥሃል።»

ታምር ሳቀ። ባሽሪ አልሳቀም፤ ቀጠለ። «የመጀመሪያ ቀን ሳህንህን እንደ ፒራሚድ አትከምር፤ ሆድህም እንዳንተ እንግዳ ነው። ወደ አስዋን ሲወጣ ከሰዓት በኋላ ጥላው በግራ ነው። ኤስና ላይ መርከቡ የግድቡ በር እስኪከፈትለት ሲቆም፣ ነጋዴዎች ከታች ከጀልባ ቀሚስ ይወረውሩላችኋል፤ እናትህ እንዳትነካ። የነካ ገዝቷል። ደግሞ ለቤተ መቅደሱ ሁሉ በሌሊት አትነሱ። ድንጋዩ ሦስት ሺህ ዓመት ቆይቷል፤ ቁርሳችሁን እስክትጨርሱ አይሄድም።»

«ክፍሉስ?»

«መሐል። ከታች አይደለም፣ ከኋላም አይደለም። ከኋላ ያለውን የንጉሥ ክፍል ይሉታል፤ በሌላ ስም ቢጠሩት የሚይዘው ስለሌለ ነው።»

ታምር ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሄደና በማግሥቱ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዞ መጣ። የንጉሡን ክፍል ይዟል።

«መታጠቢያው መስታወት ነው፤ መስኮቱ ግድግዳ ያህላል» አለ። «የመርከቡ ኃላፊ ራሱ ነው የመረጠልኝ። ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ ነኝ አለኝ፤ ራጊብ የሚባል።»

ባሽሪ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ወፍራም? ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ?»

«ያውቁታል እንዴ?»

«አውቀዋለሁ።»

ነጅላ በዓይኗ ለመነችው። «አባዬ፣ ተወው። አራት ሌሊት ነው፤ ጆሯችንን ጥጥ እንወትፋለን።»

«በጫጉላሽ?» አላት። ነጅላ ቀላች፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

የመነሻው ቀን ባሽሪ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ አብሯቸው ወረደ። ሉክሶር ላይ መርከቦቹ እንደ ገበያ ፍየል ጎን ለጎን ነው የሚታሰሩት፤ አምስተኛው ጋ ለመድረስ የአራቱን እንግዳ መቀበያ ማቋረጥ ግድ ነው። በየበሩ መፈተሻው ይጮሃል፤ በየአዳራሹ ነጭ ጓንት ያደረገ ሰው ቀዝቃዛ ከርከዴ ይዞ «እንኳን ደኅና መጡ» ይላል። መዳም ኢንጂ ሁሉንም ጠጣች። የነሱ መርከብ አምስተኛው ነበር፤ እዚያ ስትደርስ መጸዳጃ ቤት ጠየቀች።

ባሽሪ የበሮቹን ቁጥር በዓይኑ እየለየ በቀጥታ ወደ ንጉሡ ክፍል ወሰዳቸው። ክፍሉ ያምራል፤ እሱም አልካደም። ብርጭቆ ውኃ ሞላና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እዩት» አለ።

ውኃው ይንቀጠቀጣል። መርከቡ ቆሞ እያለ፣ የሚያንቀጠቅጠው ለመብራቱ ሲባል ብቻ የሚሠራው ሞተር ነው። መዳም ኢንጂ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የጆሮ ጉትቻዋ ተንሿሿ።

«ታምር፣ ልጄ፣ ይሄ አልጋ እንደ ወፍጮ ነው» አለች።

«እናቴ፣ ገና አልሄድንምኮ።»

«ሲሄድማ ጥርሴ ይረግፋል።»

ወሬው ወደ ታች ደረሰ፤ ወደ እንግዳ መቀበያው ሲወርዱ ራጊብ ቆሞ ጠበቃቸው። ወፍሯል፤ ጸጉሩን ቀብቶታል። የሚገባው እንግዳ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ዙሪያውን ቆሟል። ባሽሪ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክፍሉ ሞተር ላይ ነው» አለ። «ለልጄ ሁለት መቶ ስምንትን ስጧት። መሐል ነው፤ የወጥ ቤቱም ሽታ አይደርስበትም። እናትየዋን ሁለት መቶ አሥራ አራት ውስጥ አድርጓት፤ ካንዱ ክፍል የተወራው ከሌላው አይሰማም።»

ታምር አቀረቀረ። ነጅላ አባቷን አየችው። ባሽሪ የራጊብን ፊት እያየ ጠበቀ። ሰውየው ሊሳደብ ነው፣ ወይ ሊክድ ነው፣ ወይም እንደዚያን ዕለት በትከሻው ሊስቅ ነው።

ራጊብ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሁለቱም ባዶ ናቸው። አሁኑኑ ቁልፉን አምጡላቸው።» ወደ እንግዶቹ ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይሄ ሰው መርከብ ያውቃል። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሁለት መቶ ስምንትን ለይቶ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

መዳም ኢንጂ ለማታውቃት ሴት፣ «የምራቴ አባት ናቸው» አለቻት፤ ኩራቷ ፊቷ ላይ ነበር። ታምር የባሽሪን ትከሻ ያዘ። ነጅላ ተነፈሰች።

ባሽሪ ግን የራጊብን ዓይን እየመረመረ ነበር። እዚያ ውስጥ ምንም የለም። ሐሙስ የለም፣ ባሚያ የለም፣ ጀርመናዊቷ የለችም። ሰውየው በሱ ሥር ዘጠኝ ዓመት የሠራውን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ያየዋል። ያኔ «አንተ» ብሎ ሰድቦት፣ ዛሬ ማን መሆኑን ሳያውቅ አክብሮ አመሰገነው። ባሽሪ ያን ሁሉ ዓመት የጠላው፣ ሰውየው የሚያስታውሰው መስሎት ነበር።

«ሐጂ፣ እርስዎን የት ነው የማውቀዎት?» አለ ራጊብ፣ እጁን ዘርግቶ። «ረይስ ነበሩ? ወይስ መካኒክ? በማን መርከብ ላይ ነው የሠሩት?»

«እኔም ሁልጊዜ ልጠይቃቸው እያልኩ» አለች መዳም ኢንጂ፣ ጠጋ ብላ።

እንግዳው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ነጅላ የሻንጣዋን እጀታ ይዛ አቀረቀረች።

ቢናገር ልጁን ያሳፍራታል፤ ቢዋሽ በራሱ ሃያ ስድስት ዓመት ማፈሩ ነው። ባሽሪ የልጁን ግንባር ሳመ። የራጊብን እጅ እንደተዘረጋ ተወው። ዞረና ወደ አራተኛው መርከብ በሚያሻግረው በር ወጣ።

ተቆጥቶ ለሚወጣ ሰው አራት እንግዳ መቀበያ ሩቅ መንገድ ነው። በየበሩ መፈተሻው ይጮህበታል፤ በየአዳራሹ ነጭ ጓንት ያደረገው ሰው «እንኳን ደኅና መጡ» እያለ ከርከዴ ይዘረጋለታል። ሦስቱን ቀና ሳይል አለፈ። የመጨረሻው ላይ ጠማው፤ ቆመና እስከ አተላው ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን መልሶ፣ ወደ መሬት ተሻገረ።