ውሃ ማብዛት

ሥራዬ ውሃ ማብዛት ነው። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አስቀምጬ፣ ብርሃን የሚገባበት ዓይን ቶሎ እንዳይከደን አዘገየዋለሁ። ያኔ ቀጭኑ ፏፏቴ ፎቶው ላይ እንደተዘረጋ ነጠላ ሆኖ ይወጣል። የላሊበላ ሆቴሎች ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ይህንኑ ነው። አሁን እንግዳው ጠፍቷል፤ እኔም ፎቶ ቤቴ ውስጥ ለመታወቂያ የሚነሣ ሰው ስጠብቅ እውላለሁ። ደክሞኛል። የእግር ድካም ቢሆንማ በእንቅልፍ ይወጣ ነበር።

እማማ ሀፊዛ የመጡት ከጋሸና ወዲያ ካለ መንደር ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ወንዝ አፍጥጠው አዩት።

«ይሄን ወንዝ አውቀዋለሁ፤ ስሻገረው ነው ያደግሁ። ይሄን ያህል ውሃ የለውም፤ አብዝተኸዋል» አሉ።

ልከራከር አፌን ስከፍት፣ «አብሽር፣ ልጣላህ አልመጣሁም። የኛንም ምንጭ አብዛልኝ» አሉኝ።

አንድ ልጃቸው መሐመድኑር ጅዳ ነው። ስደቱ መርሮታል፤ አገሬ ገብቼ ሽንኩርት አለማለሁ ይላል። ነገር ግን ምንጩ ደረቀ ሲባል ሰምቷል። «በፎቶ አሳዪኝ፤ ውሃው ካለ እመጣለሁ፣ ከሌለ እዚሁ እቀራለሁ» ብሏቸዋል።

«ሳልሞት ልየው ብዬ ነው። ናፍቆኛል፣ ወላሂ» አሉ።

ሄድኩ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ከጋሸና ወዲያ ቁልቁለቱን በእግር ወረድነው፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ። ግንቦት ነው፣ በልጉም ሳይዘንብ ቀርቷል። ምንጩ ከድንጋዩ ሥር እንደ ክር ይወርዳል፤ ከፊቱ ጄሪካን ተሰልፏል። ወረፋ የያዙትን ሴቶች ገለል አስደረግሁ፣ ጄሪካኑን ሁሉ አስነሣሁ፣ ተንበርክኬ ምንጩን ፎቶ አነሣሁት።

የወጣው ፎቶ እኔንም አስገረመኝ። ወረፋ የለ፣ ጄሪካን የለ፤ ነጭ ውሃ ብቻ ይወርዳል። እማማ ሀፊዛ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ማሻአላህ! ይሄማ በልጅነቴ የነበረው ነው» አሉ። ቀጥሎ ደስታው ከፊታቸው ቀስ እያለ ሄደ።

«ይሄን ካየ ይመጣል።»

«ይመጣል» አልኩ።

«ሲመጣስ? ሽንኩርቱን በፎቶ ያጠጣል? ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል እኮ።»

እሳቸው ጄሪካናቸውን አምጥተው ከክሩ ሥር ደቀኑና አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አሁን አንሣኝ። ሳታበዛ።»

የካሜራውን ዓይን ቶሎ እንዲከደን መለስኩት። እንዲህ ካነሣሁ ስንት ጊዜዬ! ፎቶው ላይ ጠብታዎቹ ለየብቻ ይታያሉ፤ ባዶው ጄሪካንም፣ የእናትየው ፊትም።

«ኔትወርክ ስናገኝ የቱን ልላክለት?»

«ይሄንኑ።»

«እርግጠኛ ነዎት? ይቀራል እኮ።»

«ይቅር። እዚያ ቢያንስ ውሃ ይጠጣል» አሉና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ያ የመጀመሪያው ፎቶ አሳፈረኝ፤ ላጠፋው እጄን ስሰድ እጄን ያዙኝ።

«ተው ደሳለ! እሱን በወረቀት አውጣልኝ፤ እቤቴ እሰቅለዋለሁ። እሱን እያየሁ ይመጣል እላለሁ።»

ከዚያ ወደ ጄሪካኑ ዞሩ። ገና ግማሽ አልደረሰም። ማቆሚያውን አጥፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እስኪሞላ ጠበቅን።